የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ወገን የሌላቸው ልጆች ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህች መጽሔታችን ስለ ቅዱሳን ገድልና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሕይወት ብዙ ተጽፏል። በዛሬው እትም ግን ከዘመናዊው ትምህርት ታሪክ አንድ ሰው መርጠናል። እኚህም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው በመሆናቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የሕክምና ሥራቸውን መተረክ አይደለም። ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ሌላው ሰው ስለ ዕረፍት በሚያስብበት ዕድሜ፣ ስለ ጀመሩት የትምህርት ሥራ ለመናገር ነው።

አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣለን። በአንድ ከተማ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወንበሩ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ቅድሚያ አግኝቶ የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ተነሥቶ ነበር። በከተማችን በሐዋሳም ክረምት ገብቶ የማጠናከሪያ ትምህርት ምዝገባ በደረሰ ቁጥር በእኛው መካከል ይነሣል። ስለዚህ የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ስናነብ ያለፈ ነገር ብቻ እንደምናነብ አድርገን አንቍጠረው።

ስሙን ያጣ ሕፃን

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። አባታቸው እሸቴ ይባላሉ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ስለ ነበረ አገሩ አልረጋም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያንን በማሰራቸው ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣሉ። ከዚህም የተነሣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ብዙ ጦር ከህንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ገባ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በጠላት እጅ ላለመውደቅ ሲሉ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ተኩሱ ካበቃ በኋላ ዕድሜው ከሦስት ዓመት ብዙም የማያልፍ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዞች እጅ ገባ። ሕፃኑ የእነማን ልጅ እንደ ሆነ የሚናገርለት ሰው አጠገቡ አልነበረም። ቻምበርሌን የሚባል የጦር መኰንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የልጁን የትምህርት ወጪ ቻለ። ከሁለቱ መኰንኖች ስም ተውጣጥቶም ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ጠፋ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውም ከአንደበቱ ጠፋ።

በዚያው ቀን ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ልጅ ነበረ። እርሱም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በንግሥት ቪክቶሪያ ዓይን ሥር በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማረ። ነገር ግን ኑሮው ሐዘን የበዛበት ሆነና በ1872 ዓ.ም. ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሰርም ተቀበረ። የንጉሥ ልጅነቱ በባዕድ አገር ካገኘው ናፍቆትና ሕመም አላዳነውም። ስም የለሹ ሕፃን ግን አደገ። ሁለቱ ልጆች ከአንድ አምባ ወጥተው የተለያየ ዕድል እንደ ገጠማቸው ስናስብ የእግዚአብሔርን ሥራ ከማድነቅ በቀር የምንለው የለንም።

ወርቅነህ በህንድ በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በዛሬይቱ ፓኪስታን በምትገኘው በላሆር ከተማ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1874 ዓ.ም. ገደማ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ቈይተውም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ዕውቀታቸውን ከፍ አደረጉ። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ትተዳደር ወደ ነበረችው ወደ በርማ ተመድበውም የመንግሥት ሐኪም ሆነው አገለገሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመልከት። ይህ ሰው ለዚህ ደረጃ የበቃው ርስት ስለ ነበረው ወይም አባቱ በቤተ መንግሥት ስለሚታወቅ አይደለም። በአንድ ሰው ርኅራኄ ተጀምሮ በሌላ ሰው ርኅራኄ የተፈጸመ ትምህርት ነው። ሁለተኛው መኰንን ወጪውን ባይሸፍን ኖሮ ልጁ ምናልባት በአንድ የጦር ሰፈር አሽከር ሆኖ ይቀር ነበር። ችሎታው በውስጡ እንደ ነበረ ኋላ ታወቀ፤ ነገር ግን ችሎታ ያለው ልጅ ሁሉ የሚከፍልለት ሰው አያገኝም።

ወደ እናት አገር መመለስ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል በዓለም ተሰማ። በሩቅ አገር የሚኖሩት ሐኪምም ስለ ትውልድ አገራቸው ያላቸው ሐሳብ በረታ። በ1891 ዓ.ም. ግድም በገዛ ገንዘባቸው ተነሥተው በዘይላና በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በደስታ ተቀበሏቸው።

ሐኪሙ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር እንጂ የማን ልጅ እንደ ሆኑ አያውቁም ነበር። አማርኛም ስለማይናገሩ ከአገራቸው ሰው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው ሲነገር ልጅ የጠፋባቸው ሰዎች ሰሙ። አንዲት አሮጊት መጥተው በእጃቸውና በእግራቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን መሰከሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸውም እሸቴ መሆኑን ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ በግብፅ ከወንድሞቹ ጋር የተገናኘበትን ታሪክ የምናውቅ ሁሉ የዚያን ቀን ደስታ መገመት አያቅተንም።

ከዚህ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም እንደ ገና መጥተው ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በኢትዮጵያ ለመኖር መጡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች ክርክር በሚታይበት በልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆነው ሠሩ። አማርኛንም በጐልማሳነታቸው እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ተማሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስለን። የተከበረ ሐኪም የሆነ ሰው በልጆች ዘንድ እንኳ የታወቀውን ቃል እየተሳሳተ መናገር ትልቅ ትሕትና ይጠይቃል።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት

የአገራችን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን እጅ እንደ ነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪው ለምዶች ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ንባቡንና ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ይማር ነበር። የባላባት ልጅም ሆነ የድሀ ልጅ በየኔታ ፊት እኩል ይቀመጥ ነበር። ከድሀ ጎጆ ወጥተው ሊቀ ሊቃውንት የሆኑ አባቶቻችን ብዙዎች ናቸው። ይህም ሆኖ በአብነቱ ትምህርት የገፉት ሴቶች ጥቂቶች ነበሩ፤ በባርነት የተያዘ ልጅም ቀኑን በጌታው ሥራ ስለሚያሳልፍ በየኔታ ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረውም።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን አስተማሩ። በዚያ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የታሰቡት የመኳንንቱ ልጆች ነበሩ። ምክንያቱም መንግሥት የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሹማምንትና አስተርጓሚዎች ይፈልግ ስለ ነበረ ነው።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በገንዘባቸው ያሠሩት በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ። የበላይ ተቈጣጣሪ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ እንጦጦ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ከአማርኛና ከሂሳብ ጋር ይሰጥበት ነበር።

የሐኪም ወርቅነህ ችግር ሁለት ዓይነት ነበር። በአንድ በኩል ከመኳንንቱ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለባዕድ መምህር መስጠት ይፈሩ ነበር። ልጁ ሃይማኖቱን ይለውጣል፣ ከጨዋ ወግ ይወጣል የሚል ሥጋት ነበረ። በሌላ በኩል የመማር ፍላጎት ያለው ተራ ሰው ልጁን የሚያስገባበት መንገድ አልነበረውም። ባለ ርስቱ ሲያመነታ ከተራው ወገን የመጡ ልጆች ወደ ወንበሩ የቀረቡበት ጊዜ ነበረ። በኋላ ዘመን አገሪቱን በልዩ ልዩ ሥራ ካገለገሉት ምሁራን ብዙዎቹ የከበርቴ ልጆች አለመሆናቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ሐኪም ወርቅነህ ትምህርት በባዕድ ቋንቋ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር አስበው የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። መጽሐፉ በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ታተመ። አማርኛን ሸምግለው የተማሩ ሰው ለአማርኛ አንባቢ መጽሐፍ መጻፋቸው የሚያስገርም ነው። ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ለመማር ዕድል ያላገኘ ልጅ የዓለምን አገሮችና ባሕሮች በሚገባው ቋንቋ እንዲያውቅ በር ከፈቱለት።

ከባርነት የወጡ ልጆች

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነጥብ ደርሰናል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በወረቀት ነጻ የወጣ ሰው ኑሮውን የሚጀምርበት ነገር ያስፈልገዋል። በተለይ ልጆቹ ችግር ላይ ወደቁ። ከሩቅ አገር ተነጥቆ አዲስ አበባ የደረሰ ልጅ ወላጆቹ የት እንዳሉ አያውቅም። የተወለደበትን ቋንቋ ረስቷል፤ የሚጠራውም ጌታው ባወጣለት ስም ነው። ነጻ ነህ ቢባል ወዴት ይሄዳል? የሚቀበለው ዘመድ ስለሌለው ወይ ወደ ጌታው ቤት ይመለሳል፣ ወይ በገበያ ሲንከራተት ይውላል።

ሐኪም ወርቅነህ ባርነት እንዲቀር ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከባርነት ለወጡ ልጆችም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሠሩ። በመኳንንቱ ልጆች ትምህርት ቤት ላይ የተሾሙት ሰው ማንም ዘመዴ ለማይላቸው ልጆችም የፊደል ገበታ እንዲዘረጋ ማድረጋቸው በዚያ ዘመን ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ቤት ውስጥ ውሃ ቀጂና እንጨት ሰባሪ ሆኖ የሚታየውን ልጅ ተማሪ ብሎ መጥራት የልማድን ግንብ መግፋት ነበርና።

ከዚህ ሥራ ጋር የሐኪም ወርቅነህን የራሳቸውን ልጅነት አለማያያዝ ያስቸግራል። እርሳቸውም በጦርነት ከወላጅ የተነጠቁ፣ ስማቸው የተለወጠ፣ ቋንቋቸው የጠፋባቸው ልጅ ነበሩ። በመካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። እርሳቸው በሰው እጅ በገቡ ጊዜ ትምህርት ቤት አገኙ፤ እነዚያ ልጆች ግን በሰው እጅ በገቡ ጊዜ ሸክም አገኙ። ሐኪሙ ይህን ልዩነት በትምህርት ቤት ሊያጠቡት ተነሡ።

እርግጥ ነው፣ ሥራው ከችግሩ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የነበሩት ተማሪዎችም በመላ አገሪቱ ከጥቂት ሺህ አያልፉም ነበር። የሴቶች ልጆች ትምህርት እንኳ ገና ጀማሪ ነበር፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተረጋገጠ። ከባርነት የወጣ ልጅ መማር ይችል እንደ ሆነ በቃል መከራከር ቀርቶ ልጁን አስቀምጦ ማስተማር ተጀመረ።

ጨርጨር፣ ሎንዶንና ታላቁ ሐዘን

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐኪም ወርቅነህ ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ለመነጋገር በመንግሥት ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኒው ዮርክ በሐርለም ሰፈር ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው የእጅ ሙያና ዕውቀት ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲያገለግሉ ጋበዟቸው። ከዚያም በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ነበረች። መንገድ አሠሩ፤ ግብሩን ሥርዓት አስያዙ፤ ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን ታሰበ።

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። ጊዜው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ የቀረበበት ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ሆነው ስለ አገራቸው በአደባባይ ተናገሩ፤ ለቀይ መስቀል ርዳታ ለመኑ፤ የኢትዮጵያን ወዳጆች አሰባሰቡ።

በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው ጦር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ እነርሱም ተያዙ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለዩ ሲገድሉ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። ወንጀላቸው ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ ማወቃቸውና አገራቸውን መውደዳቸው ነው። ጠላት አንድን ሕዝብ ለመግዛት ሲፈልግ የተማረውን አስቀድሞ እንደሚያጠፋ የዚያ ወር ደም ምስክር ነው።

አባት በሽምግልና ዘመን ሁለት ልጆቹን በአንድ ጊዜ ማጣቱን መናገር ቀላል ነው፤ መሸከም ግን ከባድ ነው። ሐኪም ወርቅነህ የስደቱን ዘመን አሳልፈው ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመስከረም ወር መጨረሻ 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ። በልጅነታቸው ወላጅና ስም ያጡት ሰው በመጨረሻ በስማቸው ተጠርተው፣ ቤተ ሰባቸው አልቅሶላቸው በአገራቸው አፈር ተቀበሩ።

ከሕይወታቸው ምን እንማራለን?

ሐኪም ወርቅነህ በቤተ ክርስቲያናችን እቅፍ ያደጉ አልነበሩም። ያሳደጓቸው የሌላ አገር ሰዎች፣ የሌላ ሃይማኖት ሚስዮናውያን ናቸው። ይህንን ሸሽገን ልንጽፍ አይገባንም። በወጣትነታቸው ያገለገሉትም አገራቸውን የወጋውን መንግሥት ነበር። ነገር ግን ደጉ ሳምራዊ ከሩቅ ወገን መጥቶ በመንገድ የወደቀውን ሰው እንዳነሣ ወንጌል ያስተምረናል። በመሆኑም የአንድን ሰው በጎ ሥራ ከየትም ይምጣ ከየት መማር ለእኛ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ሐዋሳ ከተቈረቈረች ገና ሰባ ዓመት አልሞላትም፤ ነገር ግን በፍጥነት አድጋለች። ከገጠር ተነሥቶ የሚመጣው ልጅ ብዙ ነው። በየአስፋልቱ ዳር የሊስትሮ ሣጥን ይዞ የሚቀመጠውን፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚላላከውን፣ ማስቲካና ሶፍት በካርቶን ይዞ የሚዞረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ በፈረቃ ይማራል። ጠዋት ከተማረ ከሰዓት በኋላ ጫማ ይጠርጋል፤ ማታ በዘመድ ቤት መብራት ካለ ያጠናል፣ ከሌለ ይተኛል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሁሉ ክፍት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል ከተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዱ ቤቱ አስጠኚ አለው፣ ሌላው ደብተር መግዣ የለውም። ፈተናው ሲመጣ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው።

በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ያለን ወጣቶች በቤተ ክርስቲያን ግቢ የምንሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ይህን ልዩነት ጥቂት ሊያጠብ ይችላል። አዳራሹ ግን ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩም የተቈጠረ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር ይነሣል። አንዳንዱ ወንድም ለአባላት ልጆች ይሁን ይላል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጪ ከአባላት ስለሚሰበሰብ ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ደግሞ ውጤታቸው ከፍ ያለውን እንምረጥ፣ በፈተና ያስመሰግኑናል ይላል። እኛ ግን የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ካነበብን በኋላ ሦስት ነገሮችን ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከወንበሮቹ ከፊሉ በቤታቸው የሚያስጠናቸው ሰው ለሌላቸው ልጆች አስቀድሞ ይቀመጥ። የአባላት ልጆች አይገፉ፤ ነገር ግን መዝገቡ በመጀመሪያው ቀን በእነርሱ ብቻ ሞልቶ አይዘጋ። ሣጥኑን ይዞ የሚውለው ልጅ የምዝገባውን ማስታወቂያ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አያነብም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ሥራ ቦታው ሄደን መንገር አለብን። ሰዓቱም ቢሆን ልጁ ገበያ ከሚያገኝበት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ሆኖ ይወሰን። ለዕለት እንጀራው የሚሠራ ልጅ ከሚማርበትና ከሚበላበት አንዱን ምረጥ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛ፤ በቋንቋው የሚሣቅበት ልጅ አይኑር። ከገጠር የመጣው ልጅ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛው ቢሰባበር የአእምሮው ድካም አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አስተካክለው መናገር ቢያቅታቸው ማንም ደንቆሮ አላላቸውም፤ ሐኪም ነበሩና። ልጁንም በዚሁ ዓይን እንየው። ከመካከላችን የልጆቹን ቋንቋ የሚያውቁ እኅቶችና ወንድሞች ስላሉ ሂሳቡን ልጁ በሚገባው ቋንቋ ቢያስረዱት ከሁሉ የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እንጥራው። በመንገድ ላይ ሊስትሮ፣ አንተ ልጅ፣ ና እዚህ እየተባለ የሚውል ልጅ በክፍል ውስጥ የአባቱን ስም ጭምር ተጠርቶ አቤት ሲል ሌላ ሰው ይሆናል። መዝገቡን የሚይዘው አባል የልጁን ሙሉ ስም፣ የመጣበትን አገርና ከማን ጋር እንደሚኖር ይጻፍ። ከቤቱ ጠፍቶ የመጣ ልጅ ቢኖር ዘመዶቹን ለማግኘት የሚረዳው ይኸው መዝገብ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አርባ ወይም ሃምሳ ደብተር፣ ጠመኔ፣ የሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም የማይሰለች አስተማሪ ነው። ሐኪም ወርቅነህን ያስተማረው መኰንን ስለ ልጁ የወደፊት ሕይወት ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኛም በምናስተምረው ልጅ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም። መክሊቱን ቀብሮ ያስቀመጠው አገልጋይ በጌታው ፊት ምን እንደ ደረሰበት ግን እናውቃለን፤ የተማርነው ትምህርት ለእኛ የተሰጠን መክሊት ነው።

የዘንድሮው የክረምት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ ሐሳብ ስለሚቀርብ ሁላችሁም ተገኝታችሁ አስተያየታችሁን እንድትሰጡ፣ ማስተማር የምትችሉም ስማችሁንና የምታስተምሩትን የትምህርት ዓይነት ለትምህርት ክፍሉ እንድታስመዘግቡ በትሕትና እናሳስባለን። የሐኪም ወርቅነህንና በየካቲቱ ግፍ የወደቁትን ልጆቻቸውን ነፍስ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያሳርፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።